የጋሽ ዲንከር ቅል

ጁስ መፍጫው መጮህ ሲጀምር ናያና የሳሪዋን ጫፍ ስባ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ጩኸቱን ለምዳዋለች፤ ያልለመደችው ከጩኸቱ በኋላ የሚመጣውን ነው። ክዳኑ ሲነሳ፣ ዝናብ ያበሰበሰው የሣር ክምር የተገለበጠ ይመስል፣ ሽታው ወጥ ቤቱን አልፎ ሳሎን ድረስ ይመጣል። መልኩ ደግሞ ከሽታው ይብሳል። ከላይ አረፋ፣ ከሥር ዝቃጭ፣ መሀሉ ላይ ልጋግ የመሰለ፣ ብርጭቆው ሲዘነበል እየተጎተተ የሚወርድ አረንጓዴ ነገር። ላም አመንዥካ የተፋችው ነው ቢባል ላሟ ትቀየማለች።

«ነይ እንጂ የኡርቪ እናት፣ ዛሬ እንኳን ቅመሺው» አለ ባሏ ኪሪት ከወጥ ቤት።

«ተወኝ፤ በማለዳ ሆዴን አትገልብጥብኝ።»

«መገልበጡ እኮ ነው ጤናው!»

ኪሪት በቫዶዳራ ከተማ ገበያ ሳህንና ጆግ የሚሸጥ፣ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ ደንበኛ የሚቀበል ሰው ነው። ክረምቱ ሳይገባ ሐኪሙ «ስኳርህ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ጣፋጭ ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ» አለው። ጣፋጭ ቀንስ የሚለውን አልሰማም። በእግርህ ሂድ የሚለውን ግን ሰምቶ ማለዳ ማለዳ መናፈሻ መሄድ ጀመረ፤ እዚያም ጋሽ ዲንከርን አገኘ። ናያናን ብትጠይቋት ከስኳሩ የከፋው ይኼ ትውውቅ ነው።

ጋሽ ዲንከር ከባንክ ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ድምፃቸው የሚያምር ሽማግሌ ናቸው። ማለዳ የሚመጡት ሰዎች መናፈሻውን ከዞሩ በኋላ ኒም ዛፍ ሥር ተሰብስበው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው በኅብረት ይስቃሉ፤ ሳቅ ለሳንባ ጥሩ ነው ተብሎ። ከሳቁ በኋላ ስብከት አለ። «ምላስ ጠላት ናት» ይላሉ ጋሽ ዲንከር። «ምላስ የወደደችው ሆድን ያስለቅሳል፤ ምላስ የጠላችውን ሆድ ይመርቀዋል። መራራ ነገር ስኳርን ከደም ያባርራል።» ከዚያ ትእዛዙ ይከተላል፤ በዚያ አገር እንደ ዱባ የሚበላው ለጋ ቅል ከነልጣጩ፣ አንድ እፍኝ ቆስጣ፣ ናና፣ ዝንጅብል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ካሬላ የሚሉት፣ ጀርባው እንደ አዞ የጎረበጠ መራራ አትክልት። ፈጭቶ በባዶ ሆድ መጠጣት። ጨው የለም፣ ስኳር የለም፣ መሀል ላይ መተንፈስ የለም። መትፋትማ ነውር ነው።

ናያና የመጀመሪያ ቀን ብርጭቆውን አይታ ቁርጡን ነገረችው። «ቅሉን በምስር ሠርተሽ አምጪ በለኝ፣ እሠራልሃለሁ። ይኼን ግን በእጄ አልነካም።»

«አትንኪ። እኔ እጅ የለኝም?»

እጅስ አለው። ግን ከተጋቡ ጀምሮ ሻይ አፍልቶ የማያውቅ እጅ ነው። ቅሉን በቁሙ ይጎራርደዋል፤ ቅጠሉን ሳያጥብ ይከተዋል፤ ክዳኑን ሳይገጥም አስነስቶት ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አስቀርቷል። ጠጥቶ ሲያበቃ አፉን በእጁ ጠርጎ ወደ ሱቁ ይሄዳል። መፍጫውን የምታጥበው እሷ ናት። ምላጩ ሥር የተጠመጠመውን ጭረት በሁለት ጣቷ ይዛ ስትስበው፣ ከባኞ ቤት ቱቦ የሚወጣ ፀጉር እየመሰላት ያጥወለውላታል። እጇን ሁለቴ ሳሙና ታስነካዋለች፤ ሽታው ግን እስከ ምሳ አብሯት ይውላል።

ይኼን ብትናገር የሚሰማት የለም። ናያና ክፉ ክፉውን ማየት ልማዷ ነው። ልጇ ኡርቪ ትምህርት ቤት ስትሄድ የተገለበጠ ባጃጅ ይታያታል። ስልክ ሲጮህ ሰው ሞተ ትላለች። የግፊት ድስቱ ሲያፏጭ በር ላይ ቆማ ነው የምታየው። ስለዚህ ኡርቪ «የመርዶ ሬዲዮ» ብላ ስም አውጥታላታለች፤ ኪሪትም ስሙን ወዶታል።

ያን ማለዳ የተፈጨው ቅል የመጣው ከጋሽ ዲንከር ነው። ማታውን ኪሪት በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ አመጣው። «ከጣሪያቸው ላይ ከወጣው ሐረግ ነው። ማዳበሪያ የለ፣ የተባይ መድኃኒት የለ። ከሰው ሁሉ መርጠው ለእኔ ሰጡኝ» አለ። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል። ይኼኛው ምን ሊሰብር እንደመጣ ያን ማታ ማንም አላወቀም፤ ናያና እንኳን አልጠረጠረችም።

«ኡርቪ! ብርጭቆሽ ቀርቧል!» አለ ኪሪት።

ኡርቪ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን እየጎነጎነች መጣች። አብዛኛውን ቀን አባቷ ዘወር ሲል ጁሱን በረንዳው ላይ ላለው የአበባ ማሰሮ ታጠጣዋለች። አበባው ከደረቀ ሰንብቷል። ዛሬ ግን አባቷ ፊት ለፊት ቆሟል።

«ቀድመህ ጠጣ እስቲ አባዬ።»

ኪሪት ብርጭቆውን አነሳ፤ እንደታዘዘው ሳይተነፍስ አንቆረቆረው። ናያና ከሳሎን ሆና ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አየች። ሲጨርስ ፊቱ ተጨማደደ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከንፈሩ ላይ አረንጓዴ ጢም ቀርቷል።

«ኧረ! ዛሬስ እውነተኛው መድኃኒት ነው!» አለ።

ኡርቪ ገና አንዴ ከንፈሯን ነክራ ወደ ማጠቢያው ሮጠች። «እንትፍ! እማዬ፣ ሬት ነው! ምላሴ ደነዘዘ!»

«አትትፊ! ነውር ነው!»

«አባዬ፣ ካሬላ ስንት ከተትክበት?»

«አንድም። ዛሬ ካሬላ የለም። ቅልና ቆስጣ ብቻ ነው።»

ናያና ከመቀመጫዋ ተነሳች። የሳሪው ጫፍ ከአፍንጫዋ ላይ መውደቁን አላስተዋለችም። ካሬላ ከሌለ ምሬቱ ከየት መጣ?

በቫዶዳራ ቅል የምትከትፍ ሴት ሁሉ ቢላዋውን ስታነሳ መጀመሪያ የምታደርገው አንድ ነገር አለ። ከእንብርቱ በኩል ቀጭን ቁራጭ ቆርጣ በምላሷ ጫፍ ትነካዋለች። ለምን ብሎ የሚያስረዳ የለም፤ የረሳች ልጅ እጇን በማንኪያ ትመታለች፣ ከዚያ ወዲያ አትረሳም። ቁራጩ ለብ ያለ ውሃ ከመሰለ ወደ ድስት ይገባል። ምላስ ከነከሰ ግን ቅሉ እንዳለ፣ ላምም እንዳታገኘው ተደርጎ ይጣላል። ኪሪት ይኼን አያውቅም። ከየት ያውቃል? ወጥ ቤት ቆሞ ያየው የለ። የምታውቀው እሷ ደግሞ አፍንጫዋን ሸፍና ሳሎን ተቀምጣለች።

ማጠቢያው ጠርዝ ላይ የቀረውን የቅል ቁራጭ አንስታ ምላሷ ላይ አደረገችው። ምሬቱ እንደ መርፌ ወጋት። ምላሷ ብቻ ሳይሆን ጆሮዋ ሥር ያለው ሁሉ ተኮማተረ።

«የኡርቪ አባት! መሯል! የመረረ ቅል አይበላም! ጣለው!»

«እኔ ጨርሼዋለሁ፤ ምኑን ልጣል?» ሆዱን መታ መታ አደረገ። «ካሬላ መራራ ነው፤ ኒም መራራ ነው። መድኃኒት ጣፋጭ ሆኖ ያየሽው የት ነው?»

«ካሬላ ሲፈጠር መራራ ነው። ቅል መሮ አያውቅም!»

«ጀመረች» አለ ኪሪት ወደ ልጁ ዞሮ። «የዛሬው ዜና፣ ቅል በቫዶዳራ ሰው ሊፈጅ ነው።»

ኡርቪ ሳቀች። ናያና ግን ልጅቷን አንገቷን ይዛ በላይ በላዩ አስጉመጠመጠቻት፤ ሸሚዟ እስኪርስ ድረስ።

«በቃ እማዬ፣ አልዋጥኩም እኮ! አረፈድኩ! በቃ!» ብላ አመለጠቻት፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ናያና ማሰሮ የሚያህለውን የመፍጫ ዕቃ ልትደፋ ስትል ኪሪት ቀደማት። ከሥሩ ገና ብርጭቆ ሙሉ ቀርቶበታል።

«ይኼን አትንኪ። ንጹህ የሰው ስጦታ ነው።»

ሱቅ ለመሄድ ጫማውን ሲያስር ነው የጀመረው። አንዱን አስሮ ሌላውን ሳያስር ተነስቶ ወደ ሽንት ቤት ሮጠ። ናያና ከበሩ ውጭ ሆና ሰማች። የውሃ ቧንቧ የፈነዳ ዓይነት ድምፅ ነው። በሩን ስትከፍተው ግድግዳው፣ ባልዲው፣ የቆመበት እግሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። የጠጣው ነገር እንዳለ ተመልሶ መጥቷል፤ አሁን ግን ሞቆ፣ ኮምጦና ረግቶ ነው። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

ኪሪት ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ ፈገግ ብሎ ነበር። ከንፈሩ ነጥቷል።

«አየሽ? ወጣ! የስንት ዓመት ቆሻሻ ነው የወጣው!»

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ለማስታወክ? ሐኪሙ ይስቅብናል።»

ተመልሶ ገባ። አሁን የወጣው ቢጫ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን የሻይ ቅጠል ዝቃጭ የመሰለ ጥቁር ነገር ተቀላቅሎበት አየች፤ ዓይኗን ልትመልስ ፈልጋ እንቢ አላት። ጥቁሩ ነገር ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ሽታው የብረት ነበር።

«የኡርቪ አባት፣ ደም ነው።»

«ደም አይደለም፣ ዝቃጭ ነው። ቆይ እስቲ ጋሽ ዲንከርን ልጠይቅ።» ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ደወለ።

ያ የሚያምር ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ቤቱን ሞላው። «አስመለሰህ? እሰይ! እሰይ የኔ ወንድም! ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ቆሻሻው ሲነቀል እንዲህ ነው። መሀል ላይ እንዳታቋርጥ፤ ግማሽ ብርጭቆ ድገም።»

«ሚስቴ ሐኪም ቤት ትላለች።»

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። «ሴቶቹማ ይፈራሉ፤ ምን ይደረግ።»

ኪሪት ስልኩን አስቀምጦ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ። ወደ ወጥ ቤት አመራ። ወደ መፍጫው ነው።

ናያና ልትጮህ አፏን ከፈተችና ተወችው። ቃል ጠፍቶባት አይደለም። «ትሞታለህ» ብላው ታውቃለች፤ በዝናብ ሲወጣ፣ ሞተር ሳይክል ሲነዳ፣ አንዴም ዓሣ የማይበላውን ሰው የዓሣ አጥንት ያንቅሃል ብላዋለች። ያን ቃል በባጃጅና በድስት ክዳን ላይ ጨርሳዋለች። አሁን እውነተኛው ቀን ሲመጣ ባሏን የሚያቆም አንድም አልቀራትም።

ቀድማው ደረሰች። የመፍጫውን ዕቃ በሁለት እጇ አነሳችው። አረፋው ጠፍቶ ላዩ ላይ ቆዳ የመሰለ ነገር ሠርቷል፤ ሥሩ ላይ ጭረቱ ተኝቷል። ዓይኗን ጨፍና አፏ ላይ ደፋችው። ቀዝቃዛ፣ የሚያሟልጭ ነገር፣ ሕይወት ያለው ይመስል ምላሷ ላይ ተንፏቀቀ። ጭረት ጥርሷ መሀል ገባ። ምሬቱ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን መላ አካሏ በአንድነት እንቢ አለ። አንድ ጉንጭ ወረደ። የቀረውን ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው፤ በአገጯና በሳሪዋ ላይም ተንጠባጠበ።

ኪሪት አፉን ከፍቶ አያት። «ምን ሆነሻል? ማን ጠጪ አለሽ?»

«አንተ አይደለህ ቅመሺ ስትለኝ የከረምከው?» አገጯን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገች። «ይኸው ጠጣሁ። አንተን ያጽዳህ። እኔን ግን እየገደለኝ ነው፤ ሐኪም ቤት ውሰደኝ።»

«ሽታው ብቻ የሚያምሽ ሴት...» አለና ያላሰረውን ጫማ መፈለግ ጀመረ። «እብድ ናት! ሴትየዋ እብድ ናት! ቁልፉ የት ነው? ነይ፣ ያዢኝ... አይ፣ እኔ ልያዝሽ።»

ማን ማንን እንደያዘ ሳይታወቅ ደረጃውን ወረዱ። ባጃጅ ውስጥ ናያና ስታስመልስ ኪሪት ጀርባዋን ደገፈ፤ ኪሪት ሲያስመልስ እሷ ግንባሩን ያዘች። የሱ አሁን ጥቁር ብቻ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ወደ ውጭ! እትዬ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አድርጊው! አሁን ነው ያጠብኩት!» ባለባጃጁ በመስታወት እያየ ፊቱን ያኮማትራል። «ምን በልታችሁ ነው በማለዳ?»

«ጤና» አለች ናያና።

የሐኪም ቤቱ በር ላይ ነርሷ «ታማሚው የትኛው ነው?» ስትል ኪሪት እጁን ወደ ሚስቱ ዘረጋ። «እሷ ናት፣ ሲስተር። መራራ ነገር ጠጥታ...» አለና እዚያው እንደ ጆንያ ተዘረጋ።

ደም ግፊቱ ወርዶ ወርዶ አልያዝ ብሎ ነበር። በሁለቱም ክንዱ የፈሳሽ መርፌ ሰኩበት። ወጣቷ ሐኪም ናያናን አስቀምጣ ምን እንደጠጣ ጠየቀቻት። የቅል ጁስ የሚለውን ስትሰማ መጻፏን አቆመች።

«መሮ ነበር?»

«ሬት ነበር፣ ዶክተር።»

«ጠጥቶ ጨረሰው?»

«ብርጭቆ ሙሉ። እኔ አንድ ጉንጭ።»

«ለምን ጠጣሽ አንቺ?»

«ሌላ ግማሽ ሊደግም ነበር» አለች።

ሐኪሟ የመረረ ቅል መርዝ እንዳለበት፣ ሆድ ዕቃን እንደሚያቆስል፣ ማርከሻም እንደሌለው፣ ፈሳሽ እየሰጡ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ አስረዳቻት። «ሌላ ግማሽ ቢጨምር ኖሮ...» ብላም አቆመች። ናያና ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለውን አረፍተ ነገር ስትጨርስ የኖረች ሴት ናት። ይኼን አልጨረሰችውም።

ኡርቪ ስላልዋጠችው ምንም አልሆነችም። ያን ቀንና ተከታዩን ኪሪት ተኝቶ አሳለፈ። ናያናም ግፊቷን እየለኩላት አጠገቡ ተቀመጠች። ሲነቃ ጎድጓዳውን ሳህን ትይዝለታለች፤ ሲጨርስ ወስዳ ትደፋለች። አልለመደችውም። በእያንዳንዱ ጊዜ አፍንጫዋን ወደ ትከሻዋ ታዞራለች፤ ምግብ ሲያመጡላት ገና ክዳኑን ሳትከፍት ትመልሰዋለች። የሆነ ሰዓት ላይ ኪሪት ዓይኑን ሳይከፍት «ስንት ጠጣሽ?» አላት።

«አንድ ጉንጭ።»

«ለእኔ ብለሽ ነው?»

«ዝም ብለህ ተኛ።»

የዕለት እንጀራዋ ሆኖ የኖረው ፍርሃት ግን አንድ ነገር እየደጋገመ ይነግራት ነበር። ቅሉን እሷ ብትከትፈው ኖሮ፣ ለአንድ አፍታ ተጸይፋም ቢሆን ብትነካው ኖሮ፣ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ኪሪት ትራስ ተደግፎ መቀመጥ በቻለ ዕለት ጋሽ ዲንከር ረሲክ የሚባለውን ቀጭን የመናፈሻ ባልደረባቸውን አስከትለው ሊጠይቁ መጡ። የኮኮናት ውሃ ይዘዋል። አልጋው ግርጌ ላይ ቆመው በዚያ በሚያምር ድምፃቸው «አይዞህ የኔ ወንድም! ከስተሃል! እንዲህ ነው የምንፈልገው!» አሉ።

ኪሪት ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ጋሼ» አለች ናያና፣ «ሐረጉ ላይ የቀሩትን ቅሎች ለማን ሰጡ?» ስትጠይቅ ሌላ ሰው ሞቶ እየታያት ነበር።

«ለማንም። የቀረ የለም። ሚስቴ ቀምሳ ሁሉንም ጣለቻቸው።»



«ቀምሳ?» አለች ናያና።

«መረረኝ አለች። ሴት ናት እንግዲህ፤ ለወጥ ነው የምታስበው። ለወጥ ካልሆነ ለመድኃኒት አይሆንም ወይ? ብዬ አንዱን፣ ትልቁን መርጬ አነሳሁ። ስኳሩ የባሰበት ኪሪት ነው አልኩ።»

«ከየት አነሱት?»

ጋሽ ዲንከር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ቀነሰ። «ከቅርጫቱ።»

«ከቆሻሻው ቅርጫት?»

«አጥቤዋለሁ እኮ!» አሉ ቅር ብሏቸው። «በደንብ ነው ያጠብኩት!»

ናያና የልጣጭና የአሮጌ ሩዝ ቅርጫት ታያት። ከዚያ ውስጥ እጅ ገብቶ ያን ቅል ሲያወጣ፣ በጋዜጣ ሲጠቀልለው፣ ባሏ እንደ ሕፃን ታቅፎት ሲመጣ ታያት። በዚያ ሳምንት ካየችው ትውከት ሁሉ ይኼ ይበልጥ አንገሸገሻት።

«እርስዎስ? እርስዎ ጠጡት?» አለች።

«እኔማ አሲድ አለብኝ። ማለዳ ከሻይ ሌላ አይስማማኝም።»

ኪሪት ዓይኑን ጨፈነ። በስጦታው ያደረበት ኩራት ሁሉ ከፊቱ ላይ ወርዶ፣ የቀረው አረንጓዴ ይሁን ግራጫ የማይለይ ቀለም ነው። ናያና «በቃ፣ አሁንስ ነቃ» ብላ አሰበች።

ረሲክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያለፈው አለፈ። ከዚህ በኋላ ግን የተቃጠለ ሆድ የሚያረጋጋው የስንዴ ቡቃያ ነው። ገና ጣት ሲያህል ይታጨድና በትንሽ ውሃ ይፈጫል። አረንጓዴነቱ ራሱ...»

ከዚያ ኪሪት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ በሰለለ ድምፅ፣

«በባዶ ሆድ ነው?» አለ።

ናያና ተነሳች። ወንበሯን አንስታ በአልጋውና በሁለቱ ሰዎች መሀል አስቀመጠችው። ከዚያ፣ በሕይወቷ ለእንግዳ አድርጋው የማታውቀውን፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው ፊቷን ወደ ባሏ አዙራ ቁጭ አለች።